ይድረስ ለአራተኛው ፎቅ ባስ ድራም

ጉዳዩ፦ እግርዎን እንዲሰበስቡልን ስለመጠየቅ

ክቡር ባስ ድራም፣ በእግር የሚመቱት ትልቁ ከበሮ ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የእኔ ሰላምታ ከታች ወደ ላይ ስለሚጓዝ ምናልባት መንገድ ላይ ይቀር ይሆናል። የእርስዎ ግን ከላይ ወደ ታች ስለሆነ አንድም ቀን ቀርቶብኝ አያውቅም። ቁርስ ላይ ይደርሰኛል፣ ዜና ላይ ይደርሰኛል፣ ትራሴ ላይም ይደርሰኛል። እርስዎ ሥራ በጀመሩ ቁጥር ረከቦቱ ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች እርስ በርስ ይሳሳማሉ። ከመካከላቸው ጆሮ የነበረው አንዱ አሁን ጆሮ የለውም። ታድሎ!

ሙዚቃ የሚጠላ ሰው የጻፈልዎ እንዳይመስልዎ። በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ ዘፈኖች ያደግኩ ነኝ፤ ችክችካ ሲመታ ትከሻዬ እኔን ሳያስፈቅድ ይነሳል። ቅሬታዬ ችክችካው ተቆርጦ ስለሚደርሰኝ ነው። ሃይ ሃት በሚሉት ጥንድ የብረት ሳህን ላይ ያለው ጨዋታ፣ ስኔር በሚሉት ትንሽ ከበሮ ላይ ያለው ማሳመሪያ ሁሉ እዚያው እላይ ይቀራል፤ ወደ እኔ የሚወርደው የእርስዎ ድው ብቻ ነው። ድው... ድው ድው... ድው። የጎደለውን በሐሳቤ እየሞላሁ፣ ሳልቀጠር የባንዱ አባል ሆኜ አመሻለሁ።

ለሚመታዎ ልጅ ለምን አልነገርክም ይሉኝ ይሆናል። ልጁ ጨዋ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እየረበሽኩዎት ነው እንዴ?» ይለኛል። «ኧረ ምን በወጣህ! በርታ እንጂ!» እለዋለሁ። ይሉኝታ የሌለብኝ ከእርስዎ ጋር ብቻ ስለሆነ ለእርስዎ ጻፍኩ።

ልጁ ደግሞ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መጀመሪያ በእንቁላል ካርቶን ነበር የተነሳው። ካርቶኑን በማዳበሪያ እየሞላ ሲያወጣ ብሎኩ በሙሉ የዶሮ እርባታ ሊከፍት ነው ብሎ ተነሥቶበት ነበር፤ እሱ ለካ ግድግዳውን ከወለል እስከ ኮርኒስ ሊለጥፍበት ኖሯል። እንቁላል ካርቶን ቢበዛ ቢበዛ ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ቀጭን ድምፅ ትንሽ ይበትናል። ድምፅ ከቤት እንዳይወጣ የሚያደርገው ክብደት ያለው ግድግዳና አየር የማያስወጣ በር ነው፤ ካርቶን እንኳን ድምፅ እንቁላልም በስንት ጸሎት ነው የሚይዘው። በዚያ ላይ እርስዎ መቼ በግድግዳ መጡና!

ቀጥሎ ጋቢ አጎረሰዎት። እናቱ የሸመኑለትን ነጭ ጋቢ ጠቅልሎ ሆድዎ ውስጥ ሲከት ምን እንደተሰማዎት አላውቅም። ለእኔ የታወቀኝ ለውጥ፣ ዱውውው ይሉ የነበሩት ሰውዬ ዱብ ማለት መጀመርዎ ነው። አጠሩ እንጂ አልተዉም።

ከዚያ ገንዘብ ወጣ። የከበሮዎቹ ፕላስቲክ ተነሥቶ ሜሽ የሚሉት መረብ ተወጠረ፤ ሲምባል የሚሏቸው የብረት ሳህኖችም ተቀይረው በቀዳዳ የተሞሉት ዝምተኞቹ መጡ። እዚህ ላይ ሐቁ ይነገር፤ በእጅ የሚመታው ሁሉ አደብ ገዛ። ከልጁ በር ትይዩ ያሉት እማማ እንዲያውም፣ «ምነው ልጁ አሞታል እንዴ? ድምፁ ጠፋሳ!» ብለው ጠይቀውኛል። እሳቸው የሚሰሙት በበር በኩል ነው። እኔ የምሰማው በጣሪያ ነው፤ ጣሪያዬ ደግሞ ስለ መረቡ የደረሰው ነገር አልነበረም።

ምክንያቱን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጓደኞችዎ በአየር ሲሄዱ እርስዎ በእግር ይሄዳሉ። 22 ኢንች ሆድዎን ይዘው፣ በሁለት ሹል እግሮች ወለሉን ነክሰው ቆመዋል፤ ልጁ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ርግጫው በፔዳሉም በእግርዎም አድርጎ ሶሌታው ውስጥ ይገባል። ሶሌታው አንዴ ከተነቃነቀ ጣሪያዬ ስፒከር ሆነ ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ድራም ይግዛና ይገላግለን የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። ይግዛ፤ እሱ በጆሮ ማዳመጫው ሙዚቃውን ይሰማል፣ እኔ ደግሞ ፔዳሉን።

ሕግ እንጥቀስ ካልን፣ በአገራችን የድምፅ መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ጠንከር ብሎ የተመታ ድራም አጠገቡ ላለ ሰው 100ን ያልፋል። ዴሲቤል እንደ ብርም አይቆጠርም፤ 10 በጨመረ ቁጥር ለጆሮ እጥፍ ያህል ነው። የደብሩን ከበሮ እንኳ ይመልከቱ። ሁዳዴ ሲገባ ከነጸናጽሉ ያርፋል፣ ካህናቱም በመቋሚያ ይዘምማሉ። ጾሙም 55፣ ዴሲቤሉም 55። ክቡርነትዎ ከዚህ ቁጥር ጋር ምን አጣላዎት?

መፍትሔው እኮ እማማ ቤት ተቀምጧል። ቡና ሲወቅጡ ሙቀጫውን ወለል አስነክተው አያውቁም። ያረጀ የስፖንጅ ፍራሽ ቁራጭ፣ በላዩ ጣውላ፣ ከጣውላው ላይ ሙቀጫ። ዘነዘናው እንደልቡ ይወርዳል፤ ታች ያለው ቤት ቡና መኖሩን የሚያውቀው በመዓዛው ነው። የውጭ አገር ድራመሮችም በራሳቸው መንገድ እዚያው ደርሰዋል፤ ሁለት ወፍራም የኤምዲኤፍ ጣውላ ያነባብሩና መሐሉ ላይ የቴኒስ ኳስ ይደረድራሉ። ኳሶቹ እንዳይንከባለሉ በአንደኛው ጣውላ ላይ ክብ ክብ ማቀፊያ ይቦረቦርላቸዋል። ቁጥሩ ላይ ነው ጥበቡ። ኳስ ሲበዛ መድረኩ ይደድርና ርግጫውን እንዳለ ያሳልፈዋል፤ ሲያንስ ክብደቱ ይጨፈልቀዋል። ድራሙም፣ በርጩማውም፣ ልጁም ላዩ ላይ ከወጡ በኋላ ኳሱ ትንሽ ረገብ ማለት አለበት። ጠርዙም ግድግዳ መንካት የለበትም፤ ከነካ እርስዎ በዚያው በኩል ሹልክ ብለው ይወርዳሉ፣ አመልዎን እናውቃለን። ወጪው ከአንድ ደህና ሲምባል አይበልጥም። የምድር ቤቱ አናጺም ልኬቱ ይምጣልኝ እንጂ በአንድ ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ ብሏል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ መድረክ እንዲወጡ በአክብሮት እንጠይቃለን። እስከዚያው ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ይምቱ፤ በዚያ ሰዓት ብሎኩ ግማሹ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ከሦስተኛ ፎቅ፣ ልክ ከሥርዎ

ግልባጭ፦
ለብሎኩ ኮሚቴ፤ በቀጣዩ ስብሰባ ከውኃ ታንከሩ ጉዳይ በኋላ እንዲታይልን።
ለስኔርና ለሲምባሎች፤ ለታየባችሁ የጠባይ ለውጥ ምስጋና።
ለእማማ፤ የፍራሹን ቁራጭ ለናሙና እንዲያውሱን።
ለቤዝ ጊታር፤ ገና ባይመጡም ልጁ ባንድ እያቋቋመ ነው ስለተባለ፣ ከወዲሁ እንዲያውቁት።