የረዳት ኩሬተር ሥራ ማስጎብኘት ብቻ አይደለም
ስለ ረዳት ኩሬተር (በሙዚየም ቅርስ የሚመዘግብና የሚንከባከብ ባለሙያ ረዳት) እዚህ የወጣው ጽሑፍ «ረዳት ኩሬተር ማለት እንግዳ ተቀብሎ የሚያስጎበኝ ነው» ይላል፤ ይህ አባባል ልክ አይደለም። እኔ ባሕር ዳር በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፤ ማስጎብኘት የሥራዬ ትንሹ ክፍል ነው። አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልፈው በምዝገባ ነው። ቅርሱን እለካለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ የቱ ጋ እንደተቀደደ፣ የትኛው ቀለም እንደረገፈ እጽፋለሁ። ይህ መዝገብ ከሌለ አንድ የብራና መጽሐፍ ተሰርቆ ውጭ አገር ቢገኝ የእኛ መሆኑን በምን እናስረዳለን? እርጥበቱ ደግሞ አለ። ብራና ቆዳ ነው፤ ክረምት ላይ እርጥበት ስቦ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ይኮማተራል፣ ሥዕሉ የሚላላጠው በዚህ መሀል ነው። በነገራችን ላይ ብራና ለመግለጥ ታጥቦ የደረቀ እጅ ከጓንት ይሻላል፤ በጓንት የገጹ መሳሳት አይታወቅም። ከላይ በሰጠኸው አስተያየት «የገዳማቱ ቅርስ ሁሉ ተሰብስቦ ከተማ ይምጣ» ላልከው ወንድሜ፦ ብዙዎቹ መጻሕፍት እኮ ዛሬም አገልግሎት ላይ ናቸው። ጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ ላይ ያለው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም እዚያው ግቢው ውስጥ ሙዚየም አለው፤ ለእኔ የሚሻለው መንገድ ይኼ ነው። ሴት ስለሆንኩ ሴት የማይገባባቸው የጣና ደሴት ገዳማት፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ፣ አልገባም። የእነሱን ልኬትና ፎቶ ወንድ ባልደረባዬ ያመጣል፣ መዝገቡን እኔ እሞላለሁ። የቅርሱን ታሪክ ግን ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባቶች ናቸው። ጽሑፉ እነሱን አንዴ እንኳ አለማንሳቱ በጣም ቅር አሰኝቶኛል።