የትውልድ አገሩ አሜሪካ አይደለም

ስለሚከረፋው ቡናማ ትኋን (የአልጋው ትኋን ሳይሆን የተክል ተባይ ነው) ያነበብኩት ጽሑፍ «የአሜሪካ ተባይ» ይለዋል፤ መኝታ ቤት ድረስ መርዝ መርጨትንም ይመክራል። «የአሜሪካ ተባይ» ማለቱ ትክክል አይደለም። ሳይንሳዊ ስሙ ሃልዮሞርፋ ሃሊስ የሆነው ይህ ትኋን ጥንተ መኖሪያው ቻይና፣ ጃፓን፣ ኮሪያና ታይዋን ነው። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ በፔንሲልቬኒያ ግዛት በአለንታውን ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በምሥራቃዊ ግዛቶች የፖምና የኮክ እርሻዎችን ክፉኛ ጎዳ። ወደ አውሮፓ ተሻግሮም የጣሊያንን የፍራፍሬ እርሻዎችና የጆርጂያን (የአሜሪካዋ ግዛት ሳትሆን የአገሯን) የሐዘልነት፣ ማለትም ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነ የሚበላ ፍሬ፣ ማሳዎች አጥቅቷል።

ጸሐፊው ያለፉት አንድ ትልቅ ነገር መኖሪያው ከወቅት ወቅት መለዋወጡ ነው። በበጋ ዛፍ ላይ ሆኖ ሹል አፉን ፍሬው ውስጥ ሰክቶ ይመጥጣል፤ እንቁላሎቹንም ሃያ ስምንት ያህል አድርጎ በቅጠል ጀርባ ይደረድራል። ብርድ ሲመጣ ግን በደረቀ ግንድ ልጥ ሥር፣ በጣሪያና በመስኮት ስንጥቅ ተጠግቶ ክረምቱን ያሳልፋል። ቤት ውስጥ ሰው አይነክስም፣ አይራባም። ታዲያ መኝታ ቤት ድረስ መርዝ መርጨት ለምን አስፈለገ? ስንጥቁን መድፈን፣ የገባውንም ሳይጨፈልቁ አንስቶ የሳሙና ውኃ ውስጥ መጣል ይበቃል። ሲነካ ወይም ሲጨፈለቅ ነው ያንን ክርፋት የሚለቀው።

ስለ ጠላቱም አንድ ቃል ቢኖር ደስ ባለኝ። በትኋኑ እንቁላል ውስጥ የራሷን እንቁላል የምትጥል፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ የምሥራቅ እስያ ተርብ አለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ማንም ሆን ብሎ ሳያመጣት አሜሪካ ውስጥ ተገኝታለች።