በመንገድ ላይ የሚበላ ጤናማ ነገር ጠፋ
በመኪና ረጅም ጉዞ በወጣሁ ቁጥር የሚያበሳጨኝ፣ ነዳጅ ለመቅዳት በቆምንበት ሁሉ መደርደሪያውን የሚሞላው ስኳር የበዛበት ብስኩት፣ ጨው የበዛበት ቺፕስና ለስላሳ መጠጥ ብቻ መሆኑ ነው። ይባስ ብሎ «ተፈጥሯዊ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበትን እሽግ አንስቼ ጀርባውን ሳነብ፣ በክብደት ቅደም ተከተል በሚጻፈው የንጥረ ነገሮች ዝርዝር መጀመሪያ ላይ የማገኘው ስኳርን ወይም የግሉኮስ ሽሮፕን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ፣ የተጨመረ ስኳርም ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ ይመክራል፤ ግማሽ ሊትር ለስላሳ ግን ብቻውን ይህን ያህል ስኳር ሊይዝ ይችላል።

ከቤት ይዘህ ውጣ የሚሉኝ ሰዎች እውነት አላቸው፤ ለውዝ፣ ሙዝና ካሮት ሁልጊዜ እይዛለሁ። ሆኖም የሚያጠግበኝ የተቀቀለ እንቁላልና እርጎ ያለ ማቀዝቀዣ ከ2 ሰዓት በላይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት ስለሌለበት፣ በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ ቶሎ ለመጣል እገደዳለሁ። ለስላሳውን ለማቀዝቀዝ ያን ሁሉ ፍሪጅ የደረደረ ሱቅ፣ ጥቂት ፍራፍሬና ስኳር ያልገባበት እርጎ ከጎኑ ቢያስቀምጥ ምን ይጎዳዋል?