እርማት፦ «ዊቸር» ከጌም የተቀዳ መጽሐፍ አይደለም

«የዊቸር ልብ ወለዶች የተጻፉት የቪዲዮ ጌሙን ተከትለው ነው» የሚለው አስተያየት ስህተት ነው። ፖላንዳዊው አንድዜይ ሳፕኮቭስኪ ስለ ጭራቅ አዳኙ («ዊቸሩ») ጌራልት የሚተርከውን የመጀመሪያውን አጭር ታሪክ ያሳተመው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። አምስቱ ተከታታይ ልብ ወለዶች ከ1994 እስከ 1999 ወጡ፤ ጌሙ የመጣው በ2007 ሲሆን ታሪኩ ከመጻሕፍቱ ፍጻሜ በኋላ ይቀጥላል። በአንዳንድ እትሞች ሽፋን ላይ የጌሙ ሥዕል መኖሩ ሰውን ያሳስታል።

ማንበብ የምትፈልጉ ከአምስቱ ልብ ወለዶች የመጀመሪያው ከሆነው «የኤልፎች ደም» አትጀምሩ። መጀመሪያ «የመጨረሻው ምኞት»፣ ቀጥሎ «የዕጣ ፈንታ ሰይፍ»፣ ከዚያ አምስቱ። ሁለቱ የአጫጭር ታሪኮች ስብስቦች ናቸው፤ ሁለተኛውን፣ «የዕጣ ፈንታ ሰይፍ»ን፣ የዘለለ ሰው ጌራልትና እንደ ልጁ የሚያያት ሲሪ እንዴት እንደተገናኙ ያመልጠዋል፤ ከሁሉም ልብ የሚነካው ክፍል ደግሞ እሱ ነው። በእንግሊዝኛ የወጣው በ2015፣ ከ«የኤልፎች ደም» 7 ዓመት ዘግይቶ በመሆኑ ቀደምት የእንግሊዝኛ አንባቢዎች ሳያገኙት አልፈዋል።