ለክቡር 15 በመቶ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያልታወቀ ሰው ይታወቅ ዘንድ ፈቃድ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የምነዳ፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ፖለቲካ እያየሁ እንቅልፌን የማጣ ሰው ነኝ። እኔና እርስዎ አዲስ አይደለንም። መጀመሪያ የተዋወቅነው አዲስ አበባ ነው፣ ደረሰኝ ላይ። ያኔ ስምዎ ቫት ነበር። በ1995 ዓ.ም. እንደገቡ ማኪያቶ ጠጥቼ ሒሳብ ስጠይቅ ከግርጌ ቁጭ ብለው አገኘሁዎት። አብረውኝ አልጠጡም፣ ሒሳቡ ላይ ግን አሉ።

ከዚያ አሜሪካ መጣሁ። ቀድመውኝ ደርሰዋል። ስምዎን ቀይረው ቲፕ ሆነዋል። እውነቱን ለመናገር በአስተናጋጅነቴ ዘመን እርስዎን ጠረጴዛ ላይ ትቶልኝ የሄደውን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ መርቄአለሁ። ስለዚህ ጠላትዎ አይደለሁም። ቅሬታዬ በሦስተኛው ሥራዎ ላይ ነው። የፕሬዚዳንት ክርክር በር ላይ ዘበኛ ሆነው መቆምዎን ማለቴ ነው።

ከ2000 እስከ 2020 (ዘመኑ ሁሉ ከዚህ በኋላ በፈረንጆቹ ነው) ደንብዎ ይህ ነበር። በአምስት አገር አቀፍ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች በአማካይ እርስዎን ያልያዘ እጩ መድረኩ ላይ አይወጣም። የማይታወቅ እጩ ደግሞ እርስዎን አይዝም። መድረኩ ላይ ያልወጣ አይታወቅም። አንዳንዱ መጠይቅማ ስሙን እንኳን አያነሳም። "ሌላ" ብሎ ያልፈዋል።

ይህን አሠራር አገር ቤት በደንብ እናውቀዋለን። ዲግሪዬን ይዤ በወጣሁ ሰሞን የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንገቴ እስኪቀና ቆሜአለሁ። "የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት" ይላል። ልምዱን ከየት ላምጣ? ሥራ ስትይዝ። ሥራውንስ? ልምድ ሲኖርህ። እርስዎ ያንን ሰሌዳ ይዘው ባሕር የተሻገሩ ይመስለኛል።

ሲጀምሩ እንዲህ አልነበሩም እኮ። በ1980 ክርክሩን ያዘጋጅ የነበረው የሴት መራጮች ሊግ ነበር። እርስዎን በሩ ላይ ሲያቆም ሥራዎ ሰው ማስገባት ነበር። የግል ተወዳዳሪው ጆን አንደርሰን 15 ሞላ ተብሎ ገባ። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር "እሱ ካለ እኔ የለሁም" አሉና ቀሩ። ባልቲሞር ላይ ሬገንና አንደርሰን ብቻቸውን ተከራከሩ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ክሊቭላንድ ላይ ካርተርና ሬገን ተገናኙ። አንደርሰን? ቁጥሩ ወርዶ ነበርና እርስዎ አስወጡት። ሰውየው በዚያው በር ገብቶ በዚያው በር ወጣ።

በ1987 የሪፐብሊካንና የዴሞክራት ፓርቲ ሊቀ መናብርት ተገናኝተው የክርክር ኮሚሽን አቋቋሙ። ሁለት ወንድማማቾች ርስት ሊካፈሉ ሽማግሌውን ከቤታቸው እንደ መምረጥ ነው። ሊጉም በ1988 የሁለቱ ወገን ጥያቄ በመራጩ ላይ ማጭበርበር ነው ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ በነሱ እጅ ሆነ። እርስዎም ተቀጠሩ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ከመቀጠርዎ በፊት የሆነውን ላስታውስዎት። በ1992 ሮስ ፔሮ የሚባል የቴክሳስ ባለጠጋ ነበር። በበጋው ከሁለቱም ትልልቆች በልጦ ይመራ ነበር። በጁላይ አኩርፎ ወጣ፣ ኦክቶበር ላይ ተመለሰ። ሲመለስ ቁጥሩ ከ10 በታች ነበር። እርስዎ በሩ ላይ ቢኖሩ ኖሮ ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያይ ነበር። ግን ኮሚሽኑ አስገባው። ከቡሽና ከክሊንተን ጋር ሦስት ጊዜ ቆመ፣ ስለ አገሪቱ ዕዳ ለፈለፈ። ምርጫው ሲቆጠር 19 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ለጠቅላላ ምርጫው በተደረገ የፕሬዚዳንት ክርክር ላይ ሦስተኛ ሰው ቆሞ አያውቅም። ፔሮን ራሱን በ1996 ተመልሶ ሲወዳደር ኮሚሽኑ አላስገባውም።

ሚኒሶታ ደግሞ አለች። በ1998 ለገዥነት ከተወዳደሩት አንዱ ጄሲ ቬንቹራ ይባላል። የቀድሞ የትግል ተጫዋች ነው፣ ያውም ያ በቲያትር መልክ የሚካሄደው ዓይነት ትግል። የዴሞክራቱ እጩ ሃምፍሪ ራሱ "ቬንቹራ ክርክሩ ላይ ይግባ" ባይ ነበር። ከሪፐብሊካኑ ድምፅ ይሸርፍልኛል ብሎ ነው ይባላል። ቬንቹራ ገባ፣ ተከራከረ፣ በ37 በመቶ አሸነፈ። ሃምፍሪ ሦስተኛ ወጣ። ፓርቲዎቹ እርስዎን አጥብቀው የሚወዱበትን ምክንያት ይህን ታሪክ ስሰማ ነው የተረዳሁት።

እርስዎ ከተቀጠሩ በኋላማ በሩ አካባቢ የታየው ጉድ ነው። በ2000 ቦስተን ላይ ራልፍ ኔደር መጣ። ልከራከር አላለም። አጠገቡ ባለ አዳራሽ በስክሪን ላይ ቁጭ ብሎ ሊያይ ትኬት ይዞ ነው የመጣው። ትኬት እያለው ከበር መለሱት። በ2012 ደግሞ የአረንጓዴ ፓርቲዋ ጂል ስታይን ከምክትሏ ጋር ሆፍስትራ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ተያዘች። "ሳይጠሩት አቤት" ሆነባትና ሁለቱም ለ8 ሰዓት ያህል ከወንበር ጋር በካቴና ታስረው አመሹ። ወንበር ፈልጎ የወጣ ፖለቲከኛ እንደዚህ አጥብቆ ወንበር ሲይዝ ታይቶ አያውቅም።

አውቃለሁ፣ አሁን ጉሮሮዎን እየጠረጉ ነው። "እኔ ባልኖር ገበያ ይሆናል" ሊሉኝ ነው። ይሆናል፣ አልክድም። ኒው ሃምፕሸር ውስጥ 1,000 ዶላር ከፍሎ የተመዘገበ ሁሉ ለፕሬዚዳንትነት የፓርቲ ማጣሪያው ላይ ይቀርባል። እነዚህ ሰዎች የሚሰለፉበት "ብዙም ያልታወቁ እጩዎች" የሚባል መድረክ አላቸው። እዚያ ቨርሚን ሱፕሪም የሚባል ሰው ጎማ ቦት ጫማ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ይመጣል። ለእያንዳንዱ አሜሪካዊ አንድ ድንክ ፈረስ እሰጣለሁ ይላል። ለመኪናዬ ፓርኪንግ ያጣሁ ሰው ፈረሱን የት ላስረው ነው?

በ2019ም ዴሞክራቶቹ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ማያሚ ላይ 20 ሰው፣ በሁለት ምሽት 10፣ 10 ተደርድሮ። አንድሩ ያንግ ሁለት ሰዓት ቆሞ የተናገረው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። እኔ እንኳን ከኤርፖርት ያነሳሁት ተሳፋሪ ከዚያ በላይ ያወራኛል። አገር ቤትም በ2013ቱ ምርጫ (ይኼ በኛው አቆጣጠር ነው) ፓርቲው በዝቶ ደቂቃው ሲመጠን አይተናል። ተከራካሪው ራሱን አስተዋውቆ ሳይጨርስ ሰዓትዎ አልቋል ይባላል።

ግን ያልታወቀ ሁሉ ቦት ጫማ አይደፋም። በ2010 ለኒውዮርክ ገዥነት በተደረገው ክርክር 7 ሰዎች ነበሩ። ቦታው ያው ሆፍስትራ ነው። ከሰባቱ አንዱ ጂሚ ማክሚላን ነበር። ጥቁር ጓንት፣ ዘለግ ያለ ነጭ ጢም። የፓርቲው ስም ባጭሩ "ኪራይ መረን ለቋል" ነው። ምንም ይጠየቅ ምን፣ ዞሮ ዞሮ የሚመልሰው ኪራይ መረን ለቋል ብሎ ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። የዚያን ወር ኪራይ ገና አልከፈልኩም ነበር። ዛሬ የትኛውም ትልቅ እጩ ስለ ቤት ኪራይ ሳይናገር አይውልም። ጓንቱን ብቻ ነው ያላጠለቁት።

አገር ቤት በ1997ቱም ምርጫ (ይኼም በኛው አቆጣጠር ነው) ክርክሩ በቀጥታ ሲተላለፍ ሰፈራችን ካፌ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን ከኬክ መደርደሪያው ላይ ሰቅሎት፣ አስተናጋጇ ብርጭቆ ይዛ ከፊቱ ባለፈች ቁጥር ሰው ሁሉ "ዝቅ በይ!" ይላታል። ማታ ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች በማግስቱ ታክሲ ውስጥ እንደ ዘመድ ይጠሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ ታሪክ ነው። ያ ምሽት ግን በመቶኛ የሚጠይቅ ዘበኛ ቢኖረው ከቤት ባልወጣሁ።

እርስዎ ወደሠሩበት ሌላ ምሽት ልምጣ። ጁን 27 ቀን 2024፣ አትላንታ። ኮሚሽኑ ተገፍቶ ክርክሩን ሲኤንኤን አዘጋጀው፣ እርስዎን ግን ወረሰዎት። የግል ተወዳዳሪው ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር ውጭ ቀሩ። መድረኩ ላይ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ባይደን፣ ሌላው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ትራምፕ። ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ውስጥ አብሮኝ የሚያየው ጓደኛዬ ቡናውን አስቀምጦ "እነዚህን እኮ እናውቃቸዋለን፣ የማናውቀውን አምጡልን" አለ። የሚገርመው የሚታወቁትንም አናውቃቸውም ኖሯል። ከ90 ደቂቃ በኋላ ካፌው ጸጥ አለ። በ24ኛው ቀን ከሁለቱ አንዱ ከውድድሩ ወጡ። እንዲያ በሚሆንበት ዓመት በተጠባባቂ ወንበር ላይ አንድ ሰው ቢቀመጥ ምን ነበረበት?

እንግዲህ ልመናዬ ከባድ አይደለም። የመጀመሪያዋን ክርክር ብቻ ይልቀቁልን። አንድ እጩ ለማሸነፍ የሚያስፈልጉትን 270 የወኪል መራጮች ድምፅ የሚሞሉ ስቴቶች ወረቀት ላይ ስሙ ካለ ይግባ። ይህን ለመሙላት በየስቴቱ ፊርማ መልቀም አለበት፣ ቦት ጫማ ደፍቶ አይሞላም። በ2016 ይህ ደንብ ቢሠራ አራት ሰው ይሆኑ ነበር፦ ሁለቱ ትልልቆች፣ የሊበርታሪያን ፓርቲው ጋሪ ጆንሰንና ጂል ስታይን። አራት ሰው ዕቁብ እንኳን አይሞላም። ከሁለተኛው ክርክር ጀምሮ ይመለሱና እንደፈለጉ ይጠብቁ። ያኔ ሕዝቡ አይቶ የጣለውን ሰው ነው የሚያስወጡት።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ከነበርኩበት ካፌ ልወጣ ስል ልጅቷ ታብሌቱን አዙራ ሰጠችኝ። ቲፕ ይጠይቃል። 18፣ 20፣ 25 በመቶ። ዓይኔን አሽቼ አየሁ። እርስዎ የሉም! እርስዎን ለማግኘት ከታች በትንሹ የተጻፈውን "ሌላ" የሚለውን መንካት አለብኝ፣ ከዚያ በጣቴ አንድ፣ ከዚያ አምስት። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ልጅቷ ታየኛለች።

እስካሁን አልነካሁትም። መልስዎን እየጠበቅሁ ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ18 በመቶ
ለ20 በመቶ
ለ"ሌላ"