«አብሽር፣ ይገጥማል»

ከዛሬ ጀምሮ ድሬ ውስጥ «አብሽር፣ ይገጥማል» የሚለኝ ሰው ካለ ወላሂ ተነስቼ ነው የምሄደው። አራት ወር ሙሉ የሰማሁት ይህችን ቃል ነው። ሻጩ አለኝ፣ መካኒኩ አለኝ፣ ሻይ ልጠጣ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው የማላውቀው ሰውም አለኝ። የሚያናድደው ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ አልዋሹም። ገጠመ። አውቶማቲኩ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) መኪናዬ ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ ቡሎኑ ሁሉ ጠብቆ ተቀምጧል። ግን አይሠራም።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ሊረዝም ነው፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ የ1995 ሞዴል ሃይሉክስ ነች። ሲንግል ጋቢና፣ የኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳ፣ 3 ኤል የሚባለው 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት፣ ቱርቦ የሌላት። ከአባቴ ነው ያገኘኋት። ከሐረማያ ድንችና ጎመን እየጫንኩ ድሬ አወርድባታለሁ። ሞተሯ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ እንደነካኋት ነው የምትነሳው። ሞተሯ ላይ አንድም ቅሬታ የለኝም።

ችግሩ የኔ ግራ ጉልበት ነው። የደንገጎን መንገድ የሚያውቅ ይገባዋል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ገደማ ነህ። ያን ሁሉ ከፍታ የምትወጣው በጠመዝማዛ ነው። ከፊትህ የተጫነ ተሳቢ እየተንፏቀቀ ይሄዳል፣ አንተ ፍሪሲዮን ትረግጣለህ፣ አንደኛ ታስገባለህ፣ ትንሽ ትሄዳለህ፣ ሁለተኛ፣ ኩርባው ይመጣል፣ እንደገና አንደኛ። ስትመለስ ደግሞ ጭነት ይዘህ ቁልቁል። ከዚያ ከተማ ገብተህ በባጃጅ መሃል እየቆምክ እየተነሳህ። ይህን ለዓመታት አድርጌ ጉልበቴ ማታ ማታ እንደ ዳቦ ያብጥ ጀመር። ሐኪሙ ፍሪሲዮን መርገጥ ካልቀነስክ ወደ ኦፕራሲዮን ነው የምትሄደው አለኝ። መንዳት ካቆምኩ ቤቴ ምን ይበላል?

አውቶማቲክ ፒካፕ ለምን አትገዛም የሚል እንዳይመጣብኝ። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ያገለገለ መኪና ዋጋ ሲጠራ ስሰማ ዝም ብዬ ነው የማልፈው። ስለዚህ ያለችኝን መኪና አውቶማቲክ ላደርጋት አሰብኩ። ሐሳቡ አሁንም ስህተት አይመስለኝም። የሚቻል ነገር ነው። ሌላ አገር በየቀኑ ይሠራል።

አንድ ያገለገለ እቃ ሻጭ ጋር ሄድኩ። ከዲ ፎር ዲ ሃይሉክስ፣ ማለትም ሞተሩ በኮምፒውተር ከሚታዘዘው ከአዲሱ ባለ ቱርቦ ናፍጣ፣ የወረደ ባለ 5 ማርሽ አውቶማቲክ አሳየኝ። ንጹሕ ነው፣ ዘይቱም ቀይ ነው። ለኔ ሞተር ይሆናል ወይ አልኩት። «አቦ፣ ቶዮታ ለቶዮታ! አብሽር፣ ይገጥማል።» የዓመት ቁጠባዬን ቆጥሬ ሰጠሁት። ስንጭነው ጎኑ ላይ የተንጠለጠሉ ሽቦዎች አየሁ። ምንድን ናቸው ስለው «እሱን ኤሌትሪሻን ይቀጥለዋል» አለኝ። እዚያው ላይ መመለስ ነበረብኝ።

የገጠማው ሥራ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የሞተሩ ቡሎን ቀዳዳና የካምቢዮው ቀዳዳ ጭራሽ አይገናኝም። ቶዮታ ለቶዮታ የሚባል ነገር የለም በነገራችን ላይ፣ ሞተሩ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ነው የሚወስነው። መሃል የሚገባ የብረት ሳህን ማሠራት ነበረብን። ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለው ከባዱ ቮላኖ ወርዶ በምትኩ ኮንቨርተሩን (በፍሪሲዮን ፈንታ የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን) የሚይዝ ቀጭን ጥርሳም ሳህን ገባ። እሷ ከክራንኩ መሃል በፀጉር ታህል ፈቀቅ ካለች የካምቢዮውን ፖምፓ ትበላዋለች። ትራስሚሽኑ፣ ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግ፣ ተቆርጦ አጠረ፣ ካምቢዮውን የሚሸከመው ብረት ወደ ኋላ ተገፋ፣ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጥርሱን እንዲያገኝ ተስተካከለ።

እዚህ ላይ ለቶርኖ ሠራተኛው ምስጋና አለኝ። ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው አባት ናቸው። ሳህኑን ሦስት ጊዜ ቶርኖው ላይ አሰሩ፣ ሦስት ጊዜ ለኩ፣ በሦስተኛው «ልጄ፣ ይህ ትንሽ ይወዛወዛል፣ አልሰጥህም» ብለው እንደገና ከአዲስ ብረት ጀመሩት። የሁለተኛውን ብረት ዋጋ አልተቀበሉኝም። አጋጥመው «ይገጥማል» ያላሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ብረቱ የኔ ነው፣ ሌላውን የሚያውቅ ጠይቅ» ነው ያሉኝ። ልብ አላልኩትም።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

የዘመኑ አውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻውን ማርሽ አይቀይርም። የድሮዎቹ በኬብልና በዘይት ግፊት ራሳቸው ይወስኑ ነበር። ይሄኛው ግን ሆዱ ውስጥ ሶሌኖይድ የሚባሉ በመብራት የሚከፈቱና የሚዘጉ ቧንቧዎች አሉት። እነሱን የሚያዝዝ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ለማዘዝ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ነዳጅ ምን ያህል ተረገጠ? ሞተሩ በደቂቃ ስንት ይዞራል? ወደ ካምቢዮው የሚገባው ስንት፣ የሚወጣው ስንት? ፍሬን ተይዟል ወይ? የካምቢዮ ዘይቱ ግፊት ራሱ የሚወሰነው ነዳጅ በረገጥከው ልክ ነው። ዲ ፎር ዲው ላይ ይህን ሁሉ የሚናገር ሽቦ አለ። የኔ ሞተር ግን የነዳጅ ፖምፓው በብረት ነው የሚሠራው። የነዳጁ ፔዳል በኬብል ነው የሚስበው። ፖምፓው ላይ ያለችው ሽቦ አንዲት ናት፣ ቁልፍ ሲዘጋ ነዳጅ የምትቆርጠው። ሞተሬ ዲዳ ነው፣ ካምቢዮው ደግሞ ሳይነግሩት የማይሠራ። ይህን አንድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ካምቢዮው ከመጣበት መኪና ሲወርድ ሽቦውን በቢላ ቆርጠውታል። አልፈቱትም፣ ቆረጡት። ሶኬቱን ነቅሎ ማውጣት መቆለፊያዋን ከመጫን በላይ ሥራ የለውም፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከሶኬቱ የቀረው ጣት የምታህል ጉማጅ ነው። እኔ ነኝ ጫፉን በጥፍሬ እየላጥኩ ቀለሙን ያነበብኩት። ነጭ ባለ ሰማያዊ መስመር፣ ነጭ ባለ ጥቁር መስመር፣ ቀሪዎቹ በዘይት ጠቁረው አንድ ዓይነት ሆነዋል። አንዱን ከሌላው የሚለየው አሁን በመለኪያ ኦም እየለኩ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ የት ሄደ? ሻጩን ደውዬ ጠየቅኩት። «እሱን ሌላ ሰው ወሰደው» አለኝ። አንዱ ሰው አእምሮውን ገዝቶ ሄደ፣ እኔ ሬሳውን ገዝቼ መጣሁ ማለት ነው።

መካኒኩ ክፉ ሰው አይደለም። ማኑዋል ካምቢዮ በጨለማ ያወርድልሃል። ግን ሽቦውን ሲያይ «ዋናውን መብራት እንስጠውና እንሞክረው» አለ። ምንም ሳይታዘዝ ካምቢዮው ራሱን ለመጠበቅ አንድ ማርሽ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ አይነቃነቅም። ዲ ላይ ስታስገባ ግፊቱን የሚያለዝብለት ስለሌለ ግው! ብሎ ነው የሚይዘው፣ ጋቢናው በሙሉ ይንቀጠቀጣል። «ሄደች! አየህ?» አለኝ መካኒኩ። አዎ ሄደች። ሜዳ ላይ ትሄዳለች።

በማግስቱ ባዶዋን ደንገጎ ይዣት ወጣሁ። ባዶዋን ነው የምላችሁ፣ አንድ ኬሻ ድንች አልጫንኩም። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሞተሩ ታፍኖ ያቃስታል፣ መኪናዋ አትሄድም። ከፍ ያለ ማርሽ ላይ ቆማ ዳገት ስትወጣ ጉልበቱ በሙሉ ኮንቨርተሩ ውስጥ ዘይት እያማሰለ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ኮንቨርተሩ ደግሞ የተሠራው ከ340 ኒውተን ሜትር በላይ የማዞር ጉልበት ለሚያወጣ ባለ ቱርቦ ሞተር ነው፣ የኔው 190 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ሞተሩን አንቆ ይዞታል። በዚያ ላይ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ የለም! የማኑዋል ራዲያተር ሥር ያ ነገር የለውም፣ ለብቻው መግዛትና ከፊት ማሰር ያስፈልጋል። ሁለቱን የዘይት ቱቦዎች በአንድ ጎማ ቱቦ አገናኝተዋቸው ነበር። በድሬ 35 ዲግሪ!

ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ሽንኩርትና የተቃጠለ ጎማ አንድ ላይ የተቀላቀለ ሽታ። ዳር አወጣኋት። ከካምቢዮው ትንሽ ዘይት አውጥቼ ነጭ ሶፍት ላይ አንጠባጠብኩት። ትናንት እንደ ከርከዴ ቀይ የነበረው ዘይት የቡና አተላ መስሏል። ሶፍቱን አልጣልኩትም፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ አለ።

ስመለስ ደግሞ ሌላ ጉድ። ቁልቁለቱን ሁልጊዜ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እየያዘልኝ ነበር የምወርደው። አሁን የሚይዝ ነገር የለም። ፍሬን፣ ፍሬን፣ ፍሬን። ታች ስደርስ ቸርኬው እጅ አያስነካም። ጭነት ብይዝ ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። እኔ የዚያ መንገድ ልጅ ነኝ፣ ፍሬን የከዳው መኪና የት እንደሚያርፍ አይቻለሁ። ቤት ደርሼ ባጠፋኋት በሦስተኛው ቀን ባትሪ አለቀባት። የሰፈር ልጆች እንደ ልማዳቸው ሊገፉ ተሰበሰቡ። ልጆች፣ አውቶማቲክ በግፊት አይነሳም፣ ሂዱ አልኳቸው። ይህንንም ማንም አልነገረኝም ነበር።

አሁን ምክር እየዘነበብኝ ነው። አንዱ ሶሌኖይዶቹን በስዊች እያበራህ በእጅ ቀይር ይለኛል። ማርሹስ እሺ ይቀየራል። ግፊቱን ማን ያስተካክልልኛል? ሌላው የዲ ፎር ዲውን ኮምፒውተር ፈልግ ይላል። ቢገኝ እንኳ የዲ ፎር ዲውን ሞተር ነው የሚጠብቀው፣ የኔን ዲዳ ሞተር ሲያገኝ መብራት አብርቶ ይቆማል። መፍትሔው ሌላ ነው። ራሱን የቻለ የካምቢዮ መቆጣጠሪያ አለ፣ ለአሮጌ ሞተር ተብሎ የሚሠራ። ፖምፓው ማንሻ ላይ ፔዳሉን የሚለካ ሴንሰር ታስራለህ፣ የሞተሩን ዙር ከዲናሞው ትወስዳለህ፣ የማርሽ መቀየሪያ ዙሩን ለናፍጣ ትሞላለህ፣ ምክንያቱም የኔ ሞተር 4,000 ላይ ጉልበቱ ያልቃል። እሱን ከውጭ የሚያመጣልኝ ዘመድ አግኝቻለሁ። ማቀዝቀዣውንም ከአንድ የተገለበጠ ሚኒባስ ላይ አግኝቼ ገዝቻለሁ። የቀረኝ ያቺ የተቆረጠች ጅራት ናት።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ድሬም ሁን ሐረር፣ ጅግጅጋም ሁን አዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ከተሠራ ባለ 5 ማርሽ አውቶማቲክ ዲ ፎር ዲ ሃይሉክስ ላይ የካምቢዮውን ሶኬት ከነሽቦው ያላችሁ አናግሩኝ። ቢያንስ ክንድ የምታህል ሽቦ ያላት ትሁን። ዋጋውን እናንተ ጥሩ። መኪና የምታፈርሱ ወንድሞቼ ደግሞ፣ በአላህ፣ በእግዚአብሔር፣ ሶኬቱን ንቀሉት እንጂ አትቁረጡት። ኮምፒውተሩን፣ ሽቦውን፣ ኮንቨርተሩን ከካምቢዮው ጋር አንድ ላይ አስራችሁ ሽጡ፣ ዋጋ ጨምሩበት፣ እንከፍላለን።

ማኑዋሉ ካምቢዮ አክስቴ ቤት ደረጃ ሥር በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አክስቴ በየሳምንቱ «መቼ ነው የምታነሳልኝ?» ትለኛለች። እስከ ጥቅምት ጠብቂኝ ብያታለሁ። እስከዚያ ድንቹን በሰው መኪና በኪራይ ነው የማመጣው፣ ጉልበቴም አርፏል፣ ኪሴ ግን ባዶ ነው። ሶኬቷን ያየ፣ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ነኝ።