ትንንሾቹ ቅዱሳን ሰበብ አይደሉም

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሼር ያደረገው አንድ የሥነ ጥበብ ቪዲዮ ደሜን አፈላው። አቅራቢው በባሮክ ዘመን (በተለይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ) የመልክዓ ምድር ሥዕሎች ውስጥ ያሉት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ለገበያ የተጨመሩ ሰበብ ናቸው አለ። ሠዓሊዎቹ የፈለጉት ዛፍና ሰማይ ነው፤ ቅዱሳኑን ብታወጧቸው ምንም አይጎድልም ብሎ ደመደመ።

ማስረጃው ምን መሰላችሁ? የዚያ ዘመን የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ክሎድ ሎሬን «መልክዓ ምድሩን እሸጣለሁ፣ ሰዎቹን በነፃ እመርቃለሁ» ይል ነበር መባሉ። ይህን ያቆየልን የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ባልዲኑቺ ነው። ክሎድ ሰው መሣል ይከብደው ነበር። ሰዎቹ ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው። ስለ እጁ ድክመት ያለውን ስለ ሥዕሉ ትርጉም እንዳለ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው! ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1648 በሣለው የወደብ ሥዕል ላይ «ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን ትሄዳለች» ብሎ በፈረንሳይኛ ጽፏል። ለሰበብ ማን ይህን ያህል ይጨነቃል?

ሥዕሉ ለንደን፣ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ አለ። እኛ ማክዳ የምንላት ንግሥት ዘውድ ደፍታ፣ ሰማያዊ ካባ ደርባ በስተቀኝ ደረጃውን ትወርዳለች። አውሮፓዊት አስመስሎ መሣሉ ያናድደኛል፤ እሱ ግን ሌላ ክርክር ነው። እሷን አውጧትና የሚቀረው ያማረ የጠዋት ወደብ ብቻ ነው። እሷ ስትኖር ባሕሩ ላይ የተዘረጋው ብርሃን የምትሄድበት መንገድ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን የዚያው ዘመን ፈረንሳዊ ሠዓሊ ፑሳን አለ። ከ1660 እስከ 1664 የሠራቸው «አራቱ ወቅቶች» የተባሉት አራት ሥዕሎች ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ይገኛሉ። በጋው ሩትና ቦዔዝ ናቸው፤ ክረምቱ ደግሞ የጥፋት ውኃ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ መብረቅ ይሰነጥቀዋል። ዓለቱ ላይ እባብ ይሳባል። አንዱ ሊገለበጥ በደረሰ ጀልባ ላይ እጆቹን ወደ ሰማይ አንስቷል። ከሌላ ጀልባ ሕፃን ሽቅብ ወደ ዓለቱ ይዘረጋል። የኖኅ መርከብስ? ሩቅ ናት፤ ካልፈለጓት አትታይም። አቅራቢው ይህን «ለታሪኩ ደንታ የለውም» ብሎ ተረጎመው። እንዴት እንዲህ ይባላል? መርከቧ ያነሰችው እኛ የቆምነው ውጭ ከቀሩት ጋር ስለሆነ ነው። በሩ ተዘግቷል። መዳን ከእነሱ ያን ያህል ርቋል። ፑሳን መርከቧን አጉልቶ ቢሥላት ኖሮ ከኖኅ ጋር ተቀምጠን ውኃውን ከላይ እናይ ነበር። እሱ ግን ከሚሰምጡት ጋር አቆመን። ከዚህ የበለጠ የጥፋት ውኃ ስብከት በቀለም አላየሁም።

እርግጥ ገዢዎች ነበሩ፤ ታሪክ ያለው ሥዕልም ከተራ መልክዓ ምድር ይልቅ ይከበር ነበር። ታዲያ ምን ይሁን? ሠዓሊ ስለተከፈለው አላመነበትም ማለት ነው?

ቪዲዮው የፑሳንን ሥዕል ሲያሳይ ሰማዩንና ዓለቱን ቆርጦ ነው ያቀረበው። ሕፃኑም መርከቧም ስክሪኑ ላይ አልነበሩም። «ምንም አይጎድልም» የተባለው እነሱን ካወጡ በኋላ ነው። ሙሉውን ሥዕል ያሳዩን፤ ያኔ እንከራከራለን።